ለአስፋልቱም ለአፈሩም

ለሁሉም መንገድ አንድ ዕቃ ይበቃል ብሎ የሚያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ለሠርጉም ለእርሻውም አንድ ጫማ የሚገዛ ዓይነት ሰው ማለቴ ነው። እኔ ጭሮ ላይ ገጥሞኛል፤ መምህር ታደለ ይባላል። ለአስፋልቱም ለአፈሩም የሚሆን የብረት ብስክሌት ሊያሠራ፣ የግቢ በር ወደሚበይደው አህመድ ሄደ።

«ዋናው እንዲጠነክር ነው» አለው።

ለአህመድ ማጠንከር ማለት ብረት መጨመር ነው። «አብሽር መምህር፣ ይሄን ሌባም አይሰብረው!»

መምህሩ ታች ቆላ ሚኤሶ ደርሶ እየነዳ ካልተመለሰ ዳግመኛ ስለ ብስክሌት ላያወራ ባልደረቦቹ ፊት ማለ። ቁልቁለቱን እንደ ንፋስ ወረደው። ዳገቱን ግን፣ ወገኖቼ፣ የግቢ በር እየነዳ ማን ወጥቶት ያውቃል? እኔ የተሳፈርኩበት አይሱዙ ሲደርስ መምህሩ መንገድ ዳር ቁጭ ብሏል። ብስክሌቱን ለሦስት ተሸክመን ጫንነው። ከተማው መግቢያ ላይ ብስክሌቱን አስወረደንና የቀረችውን ሜዳ እየነዳ ገባ።

ባልደረቦቹ አጨበጨቡ። አንዲት መምህርት ብቻ ከመኪናው ስወርድ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከኋላው ነበሩ። እውነት ዳገቱን ነድቶ ነው የወጣው?»

«ላቡን አታዪውም?» አልኳት፣ የራሴን እየጠረግሁ።