ሰላምታው የት ገባ?

ለመሆኑ እናንተ ሰፈር ከሂሳብ ጥያቄ ጋር የሚጣላ ሰው አለ? እኛ መካነ ሰላም ውስጥ አለን፤ ጎረቤታችን ጋሼ ይማም።

ትናንት ልጄ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። አንድ መንገደኛ ከመካነ ሰላም፣ ሌላው ከከላላ እኩል ተነስተው በአንድ መንገድ ይመጣሉ። የእኛው ሰው ከላላ መቼ ይደርሳል? መጀመሪያ ርቀቱን ጻፍን፤ ቀጥለን ፍጥነቱን። ልናካፍል ስንል ጋሼ ይማም ገቡ።

«ቆይ! መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም አይባባሉም?»

«ጋሼ፣ እሱ ጥያቄው ውስጥ የለም።»

«ታዲያ ዝም ተባብለው ሊተላለፉ ነው? ተጣልተዋል እንዴ? ወላሂ፣ ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር አታስተምር!»

አስረዳኋቸው፣ ለመንኳቸው፤ ወይ ፍንክች! ይባስ ብሎ ልጄ እርሳሷን አስቀመጠች። «እውነታቸውን እኮ ነው አባዬ። ሰላምታው ስንት ደቂቃ ይሁን?»

ጉድ አይደለም? የቤት ሥራው ሳይሠራ አደረ።

ጠዋት ጋሼ ይማም «መምህሩን እኔው አነጋግረዋለሁ» ብለው አብረውን ወጡ። መምህሩን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘነው። የተማረ ሰው ነው፣ በሁለት ቃል ያሳምናቸዋል ብዬ ደስ አለኝ።

«እንዴት አደሩ ጋሼ?»

«አልሐምዱሊላህ! አንተስ? ልጆቹ ደህና? እናትህ ተሻላቸው?»

«ተመስገን! ከብቱስ? አዝመራው እንዴት ይዟል?»

ደወል ተደወለ። ተማሪው ሁሉ ገባ። እነሱ ገና አዝመራው ላይ ናቸው።

ልጄ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እርሳሷን አወጣች።

«አባዬ፣ ሰዓትህን ያዝ። ሲጨርሱ እደምረዋለሁ።»