የበጎ አድራጊዎች ጨጓራ

በዚህ ዘመን በጎ አድራጊ የተባለ ሁሉ የጨጓራ በሽተኛ ነው! አትቆጡ፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡኝ። በሐሜት የምናገር ሰው አይደለሁም፤ በዓይኔ አይቼ ነው። ሕክምና አልተማርኩም፤ ፊደልም ቢሆን የቆጠርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ሆኖም በአሶሳ ከተማ የእኔን ያህል የሰውን በሽታ ለይቶ የሚያውቅ ካለ ይምጣና እንወያይ... አይመጣም!

ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ። ነገሩ እንዲህ ነው።

የካቶሊክ ቁምስናችን ወጣቶች ከፋሲካ በፊት ሱባኤ ገብተው ነበር። ከሱባኤ የወጣ ወጣት እንደ አዲስ ሞተር ብስክሌት ነው፤ ድምፁ ይበዛል፣ መንገዱን አያይም። እየተነሱ ምስክርነት ሰጡ። "እግዚአብሔር ልቤን ነካው" ያለ አለ። "ሱባኤው እስኪያልቅ ስልኬን አልነካሁም" ያለም አለ፤ ጭብጨባው የበረታው ለኋለኛው ነው። በመጨረሻ ሰብሳቢያቸው እስጢፋኖስ ተነሣ። ኮሌጅ የጨረሰ፣ ሲናገር እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ የሚያወናጭፍ ልጅ ነው። "ወሬ ይብቃ! ከፋሲካ በኋላ ሥራ!" አለ። ሥራውም ሩቅ አልነበረም፤ ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር ባሻገር እማማ ሐዋ አሉ።

እማማ ሐዋ የበርታ ብሔረሰብ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ወርቅ ፍለጋ እንደ ወጡ ቀርተዋል። ጎጆአቸው የቀርከሃ ነው። ሣር ክዳኑ በስብሶ፣ ተጋድሞ ኮከብ ማየት ለሚወድ ሰው የተመቸ ሆኗል። ግንቦት ደግሞ ገብቷል። የአሶሳን ክረምት የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፦ እዚህ ሰማይ አይዘንብም፣ ይደፋል። ስለዚህ ወጣቶቹ አሮጌውን ክዳን አፍርሰው በዚያው ቀን በአዲስ ሰንበሌጥ ሊከድኑላቸው ቃል ገቡ። አማካሪ አድርገው የመረጡት ማንን ይመስላችኋል? ... እንዴት አወቃችሁ!

እኔ ሎምበቦ ከከምባታ በሰፈራ ስመጣ በእጄ አንድ መጥረቢያ ብቻ ነበር። አናጢነትን ማንም አላስተማረኝም። ሬዲዮ መጠገንን ማንም አላሳየኝም። አማርኛንም እንዲህ ሳሳምረው የምታዩት ራሴን አስተምሬ ነው። ወንጌሉንማ ዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፤ የቁምስናችን አባ እንኳ በስብከት መሃል ጥቅስ ሲጠፋቸው ዓይናቸው እኔ ላይ ያርፋል። ሰዎች "ተኝተህ እንደሆነ ሊያዩ ነው" ይላሉ፤ ቅናት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዘመትን። አንድ ዓይነት ቲሸርት አለ። ከበሮ አለ። አንድ ካርቶን ሣሙና አለ። የበር ስፋት ያለው ባነር አለ። መሰላል... ተረስቷል! ከእማማ ሐዋ ጎረቤት ከኢድሪስ ተዋስን። በዚያ መሰላል መጀመሪያ የተወጣው ወደ ጣሪያው እንዳይመስላችሁ፤ ባነሩን ማንጎው ዛፍ ላይ ለመስቀል ነው።

እማማ ሐዋ ፊደል አያነቡም። "ሎምበቦ፣ ይሄ ጨርቅ ምን ይላል?" ብለው ጠየቁኝ።

"'ፍቅር ሃይማኖት አይለይም' ይላል።"

"ማሻአላህ! ጥሩ ጨርቅ ነው።"

የእማማ ሐዋ አማርኛ ሴትና ወንድ፣ አንድና ብዙ አይመርጥም፤ ለእሳቸው ሰው ሁሉ "አንተ" ነው። እኔ በዚህ አልስቅም። አዲስ መጤ ሳለሁ የቀበሌውን ሊቀመንበር "አንቺ" ብዬ ታስሬ ልቀር ነበር።

ከዚያ የመክፈቻ ጸሎት፣ የመክፈቻ መዝሙር፣ ከዚያ የእኔ ንግግር ሆነ። አጠር አድርጌ ነው የተናገርኩት፤ ቢሆንም ሁለት ልጆች ጥላ ፍለጋ ሄዱ። ንግግሬን የዘጋሁት "እውነተኛ ክርስቲያን ምን እንደሚመስል ማወቅ የምትፈልጉ እኔን እዩ!" ብዬ ነው። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣብኛለች።

የሣሙናው ርክክብ ደግሞ ግማሽ ጠዋት በላ። "እማማ፣ ወደ ካሜራው!" "እማማ፣ ፈገግ ይበሉልን!" "እማማ፣ አልወጣም፤ ይመልሱልንና እንደገና እንስጥዎት!" አሮጊቷ ያቺን አንዲት ካርቶን ስንት ጊዜ እንደ ተቀበሏት እግዜር ይቁጠረው። ከሩቅ ላየው መጋዘን የምናራግፍ ነበር የምንመስለው።

በመጨረሻ ጣሪያው ላይ ተወጣ። ወጣት ለማፍረስ ማን ብሎት! አሮጌው ሣር በአየር ላይ በረረ፤ የበሰበሰው ቀርከሃ ተነቅሎ ወደቀ፤ ቀትር ሳይደርስ ጎጆዋ ራሷን ተላጭታ እንደ ወጣች ሙሽራ ፀሐይ ላይ ቆመች። አዲሱ ማገር ታሰረ። አዲሱ ሰንበሌጥ በየእስሩ መሬት ላይ ተደርድሯል። "አሁን ክደኑ!" ልል አፌን ስከፍት... ሽታ መጣ።

የሥጋ ሽታ ነው። ዞር ብል ኢድሪስ ከጓሮ ቢላዋውን በሣር እየጠረገ ይመጣል። ጠዋት ከማንጎው ሥር ታስራ ከበሮአችንን ስታዳምጥ የነበረችው ፍየል የለችም፤ ገመዷ ብቻ ቀርቷል። እማማ ሐዋ ሌላ ፍየል አልነበራቸውም።

ወዲያው ትልቅ ገበታ ይዘው ብቅ አሉ። የማሽላ ገንፎ እንደ ተራራ ተቆልሏል፤ አናቱ ተቦርቡሮ በባምያና በፍየል ሥጋ ወጥ ተሞልቷል።

"መርሐባ! ብላ፣ ልጄ! ሁልህም ብላ!"

አንድም እጅ አልተዘረጋም! ከበሮ መቺው እጁን ከከበሮው አንሥቶ ከጀርባው ደበቀ።

እናንተዬ፣ ለምን እንዳልተዘረጋ ታውቁታላችሁ። በአገራችን ክርስቲያን የሙስሊም ቢላዋ ያረደውን አይቀምስም፤ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን። የት ተጽፏል ካላችሁኝ፣ ወንጌሉን ዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ ብያለሁ፤ የለም። የተጻፈው ጉሮሮአችን ላይ ነው።

እስጢፋኖስ ጉሮሮውን ጠራረገ። ይኸ መቼም የኮሌጅ ሰው ነው፤ መውጫ አያጣም። "እማማ፣ እግዜር ይስጥልን። እኛ ግን... ጾመኞች ነን።"

እማማ ሐዋ ገበታውን እንደ ያዙ ቆሙ። "ጾም? ፋሲካ አለፈ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ክርስቲያን ጾም የለውም። እኔ ከአንተ አጥር ስኖር ስንት ፋሲካ አየሁ! አባ ራሱ በቀደም ዶሮ በላ፤ ሽታው በአጥር መጣ!"

አያችሁልኝ? ከሱባኤ በትኩሱ የወጣ ሰብሳቢ የጾም ሥርዓቱን ከሙስሊም አሮጊት ሲማር! ብቻዬን ብሆን በሳቅ እንከባለል ነበር፤ ግን ገበታው ወደኔም እየቀረበ ነው።

በወጣቶቹ ማኅበር በምላሷ የምትታወቅ ሮዛ የምትባል ልጅ አለች። እሷ ሆዷን ይዛ ፊቷን አኮማተረች። "እማማ፣ እኔ እንኳ ጨጓራዬን ነው።"

ከዚህ በኋላ ምኑን ልንገራችሁ!

"እኔም ጨጓራ አለብኝ።"

"የኔማ ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል።"

"የኛ ቤት በዘር ነው።"

ጨጓራ እንደ ጉንፋን ሲጋባ ያን ቀን አየሁ! እነዚህ እኮ ለፋሲካ ጥሬ ሥጋ በአዋዜ እየነከሩ ሲያጠቁ ያየኋቸው ናቸው። ያኔ ጨጓራቸው ብረት ነበር።

እማማ ሐዋ ገበታውን መሬት ላይ አስቀመጡና ወደ ማንጎው አመለከቱ። "እስጢፋኖስ፣ ጨርቁ ምን ይላል?"

እስጢፋኖስ ለራሱ እንደሚያነብ ሰው አጉተመተመ።

"አልሰማሁም።"

"ፍቅር... ሃይማኖት... አይለይም።"

"እንዲህ ነው።" ሄደው በአዲሱ ሰንበሌጥ እስር ላይ ቁጭ አሉ። "ሣሙና ውሰድ አልክ፣ ወሰድኩ። መልስ አልክ፣ መለስኩ። ለፎቶ ቁም አልክ፣ ቆምኩ። ሳቅ አልክ፣ ሳቅኩ። አሁን እኔ ብላ ስል፣ ጨጓራ! ወላሂ፣ ምግቤን ያልበላ ቤቴን አይነካም። ሣርህን ይዘህ ሂድ!"

በዚህ መሃል ሰማዩ አጉረመረመ። ከወደ ሱዳን በኩል ደመናው ጠቁሮ ይመጣል። አልጋቸው፣ ማሽላቸው፣ ልብሳቸው፣ ሁሉም በዚያች በተላጨች ጎጆ ውስጥ ነው። ሣሩን ትተን ብንሄድ፣ ረድተናቸው ሳይሆን አፍርሰናቸው መሄዳችን ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

"አባን ደውለን ፈቃድ እንጠይቅ?" አለች ሮዛ። አባ ወደ ካማሺ ሄደዋል። ስልኩ "የደወሉላቸውን ደንበኛ" ምናምን አለ። መንግሥተ ሰማያት በዚያች ሰዓት ኔትወርክ አልነበራትም።

ያኔ ዓይን ሁሉ ወደኔ ዞረ።

"ጋሽ ሎምበቦ፣ አማካሪያችን አይደሉ እንዴ? ምን ይሻላል?" አለ እስጢፋኖስ።

"'እውነተኛ ክርስቲያን ማየት የፈለገ እኔን እዩ' ብለው አልነበር?" አለች ሮዛ። "ይኸው፣ እያየን ነው!"

ካፍ ከወጣ አፋፍ! እኔም "ጨጓራዬን" ልል አሰብኩ፤ ጨጓራውን ግን ልጆቹ ተሻምተው ጨርሰውታል። ተራው ለሽማግሌ ሲደርስ ምን በሽታ ይተርፋል? አንድ ነገር እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ አእምሮዬ ካቴኪዝሙን ከጨረሰ ቆይቷል፣ ጉሮሮዬ ግን ገና ያልተጠመቀ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ስኖር ሻይ ጠጥቻለሁ፣ ማንጎ በልቻለሁ፣ ለቅሶ ተቀምጫለሁ፤ ሥጋ ግን አልቀመስኩም። ነፍሷን ይማርና የእናቴ ፊት ከከምባታ ድረስ መጥቶ ገበታው ላይ ተደቀነብኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ገበታው ፊት ተንበረከክሁ። እጄ ሳላዝዘው አማተበ። ደነገጥሁ፤ አሮጊቷን አስቀየምኩ ብዬ ቀና አልኩ።

"አማትብ" አሉ እማማ ሐዋ። "ኢድሪስ በእሱ ባረከ፣ አንተ በአንተ ባርክ። ሁለቴ የተባረከ ፍየል ማንን ይጎዳል?"

ጎረስኩ። አኘኩ። ምን ምን አለኝ መሰላችሁ? ... ፍየል ፍየል! ሃይማኖት ሃይማኖት የሚል ነገር ይመጣል ብዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ አልመጣም። ሁለተኛውን የጎረስኩት ለማረጋገጥ ነው። ሦስተኛውን ለምሳሌነት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለራሴ ነው የበላሁት፤ ምን ልዋሽ!

ከኔ በኋላ እስጢፋኖስ መጣ፤ መራራ ኪኒን እንደሚውጥ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ሮዛ ከገንፎው ዳር ዳሩን ጀመረች፤ ትንሽ ቆይቼ ባያት ዳሩን አልፋ መሃሉን ይዛዋለች፣ አጥንት ትግጣለች።

"ጨጓራሽ እንዴት ነው?" አልኳት።

"ተሻለኝ መሰለኝ" አለች፣ ሳትቀና።

ሁለት ልጆች ግን ምንም ቢደረግ አልቻሉም፤ አንዱማ ዓይኑ እንባ ሞላ። እማማ ሐዋ እሱን አተኩረው አዩትና ማንጎ ላጥ አድርገው ሰጡት። "ይሄ እውነት አሞታል" አሉ። "ተወው።"

ከዚያስ? ከዚያማ ከሰንበሌጡ ላይ ተነሱልን! የጠገበ ወጣት ሲሠራ ያላየ ምን አይቷል! እስሩ ከእጅ ወደ እጅ እየተወረወረ ወጣ፤ የመጨረሻው ሣር አናቱ ላይ ሲታሰር የመጀመሪያው ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈ። ሁላችንም ጎጆዋ ውስጥ ታጨቅን። ሰማዩ ተደፋ። ቀና ብለን ጣሪያውን አየን... ደረቅ! በአንድ በኩል ብቻ ጠብ ጠብ ይላል፤ በኔ ምክር በተከደነው በኩል ነው። ሊያሙኝ የሚፈልጉ አጋጣሚውን አላለፉትም፤ እኔ ግን አየር እንዲገባ ሆን ብዬ የተውኩት መሆኑን እዚያው አስረድቻለሁ።

በማግስቱ የማኅበሩ ገጽ ላይ ፎቶዎቹ ወጡ። እማማ ሐዋ ሣሙና ሲቀበሉ። እማማ ሐዋ ሣሙና ሲቀበሉ ከጎን። እማማ ሐዋ ፈገግ ብለው ሣሙና ሲቀበሉ። ከሥሩ "አቅመ ደካማዋን እናት መገብን፣ አለበስን" የሚል ጽሑፍ አለ። ማን ማንን እንደ መገበ ያቺ ባዶ ገመድ ትናገር! የገበታው ፎቶ የታለ ብዬ እስጢፋኖስን ብጠይቀው፣ "ያኔ ሁሉም እጁ በወጥ ተነክሮ ነበር፣ ጋሼ" አለኝ። እውነቱን ነው። ስንሰጥ የሚነሣ፣ ስንቀበል የሚጠፋ ካሜራ ነው የያዝነው።

ይሁን እንጂ ልጆቹ ጨርሰው ድንጋይ አይደሉም፤ አፍረዋል። ለጰራቅሊጦስ በዓል ቁምስናችን በሬ ሲጥል፣ ሮዛ ራሷ ሄዳ እማማ ሐዋን ጋብዛ መጣች። መጡ፤ አንድ ዘንቢል ማንጎ ይዘው መጡ! ያው ባነር ከአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከጎኔ ተቀመጡ።

ዛሬ ቀኑ የኔ ነው አልኩ በልቤ። እኔ ያን ቀን የእናቴን ፊት ገፍቼ የጎረስኩ ጀግና፣ ዛሬ ደግሞ የእሳቸውን ጀግንነት አያለሁ! ሳህኑን በገዛ እጄ በጥብስ ከምሬ ፊታቸው አኖርኩ። ወጣቶቹ ከበቡን። እጁ በወጥ ያልተነከረ ሁሉ ስልኩን አወጣ።

"እማማ ሐዋ!" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ምግባችንን ያልበላ ቤታችንን አይነካም!"

ሥጋውን አዩት። እኔን አዩኝ። ቀስ ብለው ባነሩን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሆዳቸው ወሰዱና፣ እናንተዬ፣ ልክ እንደዚያን ቀኗ ሮዛ አድርገው ፊታቸውን አኮማተሩ።

"ሎምበቦ... ዛሬ ጨጓራዬን።"

"እንዴ! እርስዎም?"

"ምን ላድርግ፣ ልጄ!" አሉ፣ ሳህኑን ቀስ አድርገው ወደኔ እየገፉ። "ጨጓራም ሃይማኖት አይለይም!"