በረዶውን ወዴት መለስከው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሚስቴን ላጣ ነበር። ገና ያላገባኋትን ሚስቴን!

ካርድ ያለቀባችሁ ሞልታችሁ ተመለሱ፣ ሳይነበብ የሚታለፍ አይደለም።

እንደምታውቁት እዚህ ላሊበላ ጋይድ ነኝ። ክረምት ሲገባ ቱሪስት ይጠፋል፣ እኔም ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ፋንታሲ! የላስታ ተራሮች ላይ የሚኖር አንድ ጠቢብ አለኝ፤ በትሩን ሲያነሳ ደመና ይሰነጠቃል፣ ዘንዶ ይታዘዝለታል፣ ራቁቱን የቀረ ተራራ በአንድ ሌሊት ደን ያለብሳል። ለቱሪስቶች ስተርክላቸው "ዋው" ይሉና ፎቶ ያነሳሉ።

ችግሩ፣ የእጮኛዬ አባት ቱሪስት አይደሉም።

ጋሽ ሞላ ወገል ጤና የምትባል ከተማ አጠገብ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። የተፋሰስ ልማት ኮሚቴ ሰብሳቢም ናቸው፤ ጥር በመጣ ቁጥር ቀበሌውን በሙሉ አሰልፈው እርከን የሚያሠሩ ሰው! ለሐምሌ ገብርኤል ላሊበላ መጡና እጮኛዬ አለምነሽ "እግረ መንገዳቸውን ይዩህ" አለችኝ። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት መሆኑ ነው። ካልወደዱኝ ሽማግሌዎቼ ደጅ ቆመው ይቀራሉ፣ አለቀ።

ምሳ በላን። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ሁሉም ደህና እየሄደ ሳለ "መጽሐፍ ትጽፋለህ አሉ፤ እስቲ አንብብልኝ" አሉኝ።

እኔ ሞኙ ደስ አለኝ!

ደብተሬን አወጣሁና ከደኑ ጀመርኩ። ጠቢቡ መሬቱን በበትሩ መታ፣ ሲነጋ ተራራው ጥድ በጥድ ሆኖ አደረ። ጋሽ ሞላ እጃቸውን አነሱ። ያ ሁሉ ጥድ በአንድ ሌሊት ሲያድግ ውሃውን ከየት እንደጠጣ ጠየቁኝ። እነሱ ባህር ዛፍ ተክለው የሰፈራቸው ምንጭ እስኪነጥፍ ዓመታት ፈጅቷል። የኔ ጠቢብ ግን በአንድ ሌሊት አገር ምድሩን አድርቆታል ማለት ነው።

"ጋሼ፣ አስማት ነው እኮ" አልኳቸው።

"ይሁና። አስማቱም ይጠማዋል።"

ወደ ዘንዶው አለፍኩ። ምን እንደሚበላ ጠየቁ። በግ አልኩ። የማን በግ እንደሆነ ጠየቁ። እዚህ ላይ አለምነሽ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። የሚገባው ሰው ቢሆን እዚያው ያቆም ነበር።

አላቆምኩም! የምኮራበትን ምዕራፍ አወጣሁ። ነሐሴ ነው፣ በረዶ ያዘለ ጥቁር ደመና የላስታን ማሳ ሊመታ መጥቷል፣ ሕዝቡ ያለቅሳል። ጠቢቡ ብቅ አለና በረዶውን መለሰው። አራት ነጥብ። ቀና ብዬ አድናቆት ጠበቅሁ።

"ወዴት መለሰው?" አሉ ጋሽ ሞላ።

"አቤት?"

"መለሰው አልክ። የተመለሰ ነገር አንድ ቦታ ይደርሳል። የማን ማሳ ላይ ወረደ?"

እውነቴን ነው፣ ሁለት ዓመት ስጽፍ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። በረዶው ሄደ፣ በቃ! ግን ጋይድ ነኝ፤ "አላውቅም" ማለት ሙያችን ውስጥ የለም። በሙሉ ልብ መለስኩላቸው።

"ከጋሸና ወዲያ፣ ሰው የሌለበት ቦታ።"

መንገዱን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከላሊበላ ተነስታችሁ፣ ጋሸና መገንጠያው ላይ ሻይ ጠጥታችሁ፣ ወደ ደላንታ ስትቀጥሉ የምታገኙት ከተማ ማን ይባላል?

ወገል ጤና!!!

አለምነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጋሽ ሞላ ግን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አምና በነሐሴ በረዶ መጥቶ ባቄላቸውን ከነአበባው እንዳረገፈው፣ ጠዋት ወጥተው ሲያዩ ማሳው የተረገጠ ጭቃ እንደነበር በዝግታ ነገሩኝ። ያኔ እኔ ምን እየሠራሁ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ የጠቢቡ ካባ ሰማያዊ ይሁን ወይንስ ሐምራዊ እያልኩ ስጨነቅ ነበር። አፈርኩ። የምር አፈርኩ።

"ለካ የላክኸው አንተ ነህ!" አሉና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ከሳቁ በኋላ ፍርዱ መጣ። ልጃቸውን አልከለከሉኝም። ነገር ግን ሽማግሌ ከመላኬ በፊት በረዶው የወረደበት ሰውዬ መጽሐፉ ውስጥ መግባት አለበት። ስም ይኑረው፣ ሚስትና ልጅ ይኑረው፣ ጠቢቡም ደጁ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቀው አሉ። አሁን ሳስበው ከጻፍኩት ምዕራፍ ሁሉ ይሄ ይበልጣል፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

"ማሳውን ሳታየው ግን አትጽፈውም" አሉኝ ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ። "ነሐሴ ላይ ና። አረም አለብን።"

እሺ አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? እሺ ብዬ ባበቃሁ ጥሩ ነበር። እኔ ግን "ማረም? እኔ እኮ በማረም ነው ያደግሁት!" አልኳቸው።

ያደግሁት ሆቴል ጓሮ ነው።

ትምህርቱ ገብቶኛል፤ አስማተኛ ስትፈጥሩ መጀመሪያ አማቶቻችሁ የሚኖሩበትን ወረዳ ካርታ ላይ ፈልጉ። አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። እባካችሁ ገበሬ ዘመድ ያላችሁ፣ ባቄላና አረም በምን ይለያሉ? መልሱን በኢንቦክስ ብቻ! አለምነሽን ከዚህ ፖስት ደብቄያታለሁ፣ ጓደኞቿ ግን ከወዲሁ ላይክ እያደረጉ ነው።