የክቡር ልዑኩ ቅንድብ

ታላቁ መንግሥት ለሰሜኑ በረዶ የቆየ ፍቅር እንዳለው ትዝ ያለው ባለፈው ዓመት ነው። ፍቅሩ የጸና መሆኑን ለማስረዳት አንድ ክቡር ልዑክ፣ አንድ አስተርጓሚ፣ ሁለት ፎቶ አንሺዎችና አሥራ አራት ሜትር የባንዲራ መስቀያ በመርከብ ጭኖ ወደኛ ወደ ግሪንላንድ ላከ። ስልሳ ሁለቱም የመንደራችን ሰዎች ወጥተው ተቀበሉ፤ ስልሳ ሁለት ሰው ለመውጣት ጊዜ አይፈጅበትም።

የባንዲራው ቦታ በካርታ ተመርጦ አልቋል። ባሕር ውስጥ ገባ ያለው፣ የኮርኔልያ የዓሣ ማስጫ ቆጥ የቆመበት ዐለት ነው። ደህና ነፋስ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ቆጡ ከተነሣ ኮርኔልያም ውሾቿም ክረምቱን የሚበሉት የላቸውም።

ልዑኩ በመንደሩ አዳራሽ ስለ ስልታዊ አጋርነትና ስለ ዘላቂ መገኘት አርባ ደቂቃ ተናገሩ። በመጨረሻ፣ «ወይዘሮዋ ቆጣቸውን በፈቃዳቸው ያነሣሉ?» አሉ።

ኮርኔልያ አፍንጫዋን ሸበሸበች።

«ጉንፋን ይዟታል» አሉ ልዑኩ ለአስተርጓሚው። «ተስማምታለች ብለህ ጻፍ።»

አስተርጓሚው ቋንቋችንን የተማረው ከመጽሐፍ ነው፤ ቃል እንጂ ፊት አያነብም። በኛ አገር ደግሞ እምቢ የሚባለው በአፍንጫ፣ እሺ የሚባለው በቅንድብ ነው። ቅንድብ ሽቅብ ከሄደ ነገሩ አለቀ።

ኮርኔልያ ተነሣች። «እኔም ልጠይቅ። ቆጤ እዚያው ይቆማል አይደል?»

ልዑኩ ሲተረጎምላቸው ደነገጡ። ቅንድባቸው ሽቅብ ሄደ።

«እሺ ብለዋል» አለ የመንደሩ ሊቀመንበር ጌርት፣ ቃለ ጉባኤው ላይ እየጻፈ።

«የባንዲራውን እንጨትስ ለቆጤ ምሰሶ ትተውልኝ ይሄዳሉ?»

ቅንድቡ ግንባር ላይ ወጣ።

«ቀስ በይ እንጂ ኮርኔልያ፣ እንግዳ አታራቁቺ» አለ ጌርት።

«ዝም ብለህ ጻፍ። መርከባቸው ላይ ያለችውን ትንሿን ጀልባስ?»

ልዑኩ መላጣ ናቸውና ቅንድባቸውን የሚያቆመው ጠፋ።

ጌርት ወረቀቱን አቀረበ። አስተርጓሚው ገና «ክቡር» የምትለዋን ፊደል በፊደል ሲያነብ፣ ካሜራ ተደግኖ ስለነበር ልዑኩ ፈገግ ብለው ፈረሙ። አገራቸው ሲገቡ ጋዜጣቸው ሙሉ መግባባት ላይ መደረሱን አበሠረ። ጋዜጣው አልዋሸም።

ወር ሳይሞላ ጀልባዋንና እንጨቱን ሊያስመልስ፣ ቆጡንም ሊያስነሣ ሁለተኛ ልዑክ መጣ። ታላቅ መንግሥት ከስሕተቱ ይማራል፤ ይኼኛው የጠጉር ቆቡን እስከ ዐይኑ ድረስ ደፍቶ ነበር። ከቆቡ ሥር የሚነበብ ነገር የለም።

«አሁን አለቀልሽ» አላት ጌርት።

ኮርኔልያ ልዑኩን ከነአስተርጓሚው ቤቷ አስገባች፣ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠች፣ ትኩስ የዓሣ ሾርባ ቀዳችለት፣ ምድጃው ላይ እንጨት ጨመረች፤ ደግማ ጨመረች።

«ልጄ፣ ቤት ገብቶ ቆብ አይወልቅም እንዴ? ላብህ ሾርባው ውስጥ እየገባ ነው።»

ልዑኩ አፍሮ ቆቡን አወለቀ።

«ጌርት፣ ወረቀት ይዘህ ና» አለች ኮርኔልያ፣ ወንበሯን ወደ ልዑኩ እየሳበች። «እንግዲህ ልጄ፣ ስለ ትልቋ መርከብ እናውራ።»