ክብርት እትዬ ላላ በል

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ የሌላውን ትከሻ የሚጠብቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ቢሮ ግባ፣ ጋራዥ ግባ፣ ወረፋ ቁም፤ «ምነው እንዲህ ተወጠርክ?» የሚልህ አታጣም። ባትወጠር እንኳ ያኔ ትወጠራለህ።

በአንድ ስፌት ቤት ይህን ሹመት የያዙት ልብስ ተኳሿ ናቸው፤ ክብርት እትዬ ላላ በል። እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም። ካውያቸውን እየገፉ ዓይናቸው ሰው ላይ ነው። የስፌት ቤቱን ባለቤት አማት ሻይ ሲጠጡ አይተው «ብርጭቆውን ምን አስጨነቀዎት? አይሸሽም እኮ» ብለዋል። መሰላል ላይ ቆሞ አምፖል የሚቀይረውን ሠራተኛ ከታች ሆነው «ላላ በል፣ ልጄ!» ሲሉት፣ ምስኪን፣ ላላ ብሎ ሊፈጠፈጥ ነበር። እሳቸው እቴ! «አላላሉን አላወቀበትም» ብለው ወደ ካውያቸው ተመለሱ።

ይሄ ሁሉ የስፌት ቤቱን ጨርቅ ቆራጭ አታክቶታል። ሰውየው ድሮም ደክሞታል። ቀኝ ክንዱ ከትከሻው በላይ አልሄድ ካለ ሰንብቷል፤ የጨርቁ ጣቃ ደግሞ የሚቀመጠው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ባለቤቱ ቁርጡን ነግሮታል፦ «ሰኞ ጣቃውን ራስህ ካላወረድክ፣ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሰው አቆማለሁ።» ቆራጩ ሌላ ሙያ የለውም። ሐኪሙ ቅባት ሰጠው፣ ሚስቱ አሸችው፣ ክንዱ ወይ ፍንክች። እትዬም ከማዶ «እንደ ረጠበ ፎጣ ጣለው!» ይሉታል። መልሱን ቢሰጣቸው ደስ ባለው። ግን ስፒሎቹን በጥርሱ ይዞ ነው የሚሠራው፤ በዚያ አፍ ምን መልስ ይወጣል?

ቅዳሜ ከሰዓት የመጨረሻውን ስፒል ጨርቁ ላይ ሰክቶ ግድግዳ ግድግዳ ሲያይ፣ እትዬ መጥተው ፊቱ ቆሙ።

«አፍህን ክፈት።»

«እትዬ፣ እባክዎን ይተዉኝ፤ ደክሞኛል።»

«ክፈት አልኩህ!»

ከፈተ።

«ስፒሉ የታለ?»

«ጨርቁ ላይ ሰካሁት።»

«ታዲያ ምን ነክሰህ ነው የቆምከው?»

መንጋጋውን በጣቱ ነካ፤ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ለካ ባዶ አፉን ሲነክስ ኖሯል። ቤት ገብቶም፣ ተኝቶም። ሚስቱ «ምን አስቀየምኩህ?» እያለች የምትነዘንዘው ለካ ወዳ አይደለም። መንጋጋውን ቀስ ብሎ ለቀቀው። አንገቱ ተከተለ፣ ትከሻው ወረደ፣ ከሆዱ የማያውቀው ረጅም ትንፋሽ ወጣ። አልቅስ አልቅስ አለው። ክንዱ ያን ቀን የተነሳው ግን እስከ ጆሮው ብቻ ነው። «ይበቃሃል፣ አታስገድደው» አሉት እትዬ።

ሰኞ ባለቤቱ እጁን አጣምሮ ቆመ። ቆራጩ አፉን ገርበብ አድርጎ ክንዱን ወደ መደርደሪያው ሰደደ፤ ቀስ እያለ፣ እየቀለለው ወጣ። ጣቃውን አቅፎ አወረደ። ባለቤቱ «እሺ፣ ሥራህን ቀጥል» ብሎ ሊወጣ ሲል ቆመና አሸተተ። የሆነ ነገር እያረረ ነው።

ሁሉም ዞሩ። ክብርት እትዬ ላላ በል ዓይናቸው የቆራጩ ክንድ ላይ፣ ትከሻቸው ጆሯቸው ሥር፣ ካውያቸው የደንበኛ ሸሚዝ ላይ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ድርቅ ብለው ቆመዋል። በዕድሜያቸው አንድ ክር አሳርረው የማያውቁ ሴትዮ!

«እትዬ፣» አላቸው ቆራጩ ጣቃውን እንዳቀፈ፣ «ላላ ይበሉ እንጂ!»

«ዝም በል!» አሉት ካውያውን እየነጠቁ፤ ትከሻቸው ግን ገና አልወረደም። ቆራጩ ሳቀ፤ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ።