ሲነሣ ያላየሁት ላፕቶፕ

የተማረ ሰው ብቻውን ገበያ መላክ የለበትም። አትቆጡኝ... እኔም ከተማሩት ወገን ነኝ፤ ደሴ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። የምናገረው እንግዲህ ከውስጥ ሆኜ ነው።

ነገሩ የላፕቶፕ ነው። ባለቤቴ ዘሃራ ከተመረቀች ሦስት ዓመቷ ነው። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ማመልከቻ ያላስገባችበት ቢሮ የለም። በመጨረሻ ኮምቦልቻ ካለ አንድ መጋዘን ለፈተና ተጠራች። ፈተናው በኢንተርኔት ነው። ላፕቶፕ ይዛችሁ ኑ፣ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ይከፈታል፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያልገባ ይዘጋበታል ተባለ። እኛ ቤት ለላፕቶፕ የሚቀርበው ዕቃ የዘሃራ የመዋቢያ መስታወት ነበር፤ እሱም ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ስለዚህ ቅዳሜ ደሴ ውስጥ ሰኞ ገበያ ወደሚባለው ሰፈር ሄድን፤ አጎቴ ይመርም አብረውን ነበሩ። አጎቴ የደሴ ዙሪያ ገበሬ ናቸው። በመንደራቸው እሳቸው ሳያዩለት በሬ የሚገዛ ሰው የለም። የኛ አገር ሰው ትልቅ ነገር ሲገዛ አዋቂ አስከትሎ ነውና "አጎቴ ይምጡልን" ያለችው ዘሃራ ናት። እኔ ለጨዋታ ይሆኑናል ብዬ እሺ አልኩ።

ባለ ሱቁ ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች ከፍቶ አስቀመጠልን። ዋጋቸው እኩል ነው። የአንደኛው ፕሮሰሰር አይ ሰቨን ነው፣ ማስቀመጫው ግን የድሮው ሃርድ ዲስክ። የሁለተኛው ፕሮሰሰር አይ ስሪ ሆኖ ማስቀመጫው ፈጣኑ ኤስ ኤስ ዲ ነው። ሰባት ከሦስት እንደሚበልጥ እኔ ዲግሪዬን ሳልይዝም አውቅ ነበር። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው አይ ሰቨን የሚለውን ተለጣፊ አዩትና ወደ ባለ ሱቁ ዞሩ።

"ይኸ ምኑ ነው?"

"ጉልበቱ ነው አባባ።"

"ጉልበትማ ሲሠራ ነው የሚታይ። ይኸ ቀንዱ ነው። በል ሁለቱንም አስተኛቸውና ሲነሡ ልያቸው።"

ለማታውቁ ልንገራችሁ። አጎቴ ቆሞ የጠበቃቸውን በሬ አይገዙም። ነጋዴ በሬውን አብልቶ፣ አጠጥቶ፣ አቁሞ ነው የሚያሳያችሁ። እሳቸው አስተኝተውት፣ ሲነሣ ካላዩ ዋጋ አይጠሩም። ሲነሣ የሚያቃስት በሬ፣ እሱን ስታስነሡ ረፋዱ ያልፋል ይላሉ።

እኔ ታዲያ በሰው ፊት አፈርኩ። "አጎቴ፣ ይኼ እኮ በሬ አይደለም" አልኳቸው። በትሕትና ነው ያልኩት... ግን እንዲህ ያለውን ነገር ትሕትና አያለሰልሰውም። አጎቴ መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። ዘሃራ ቀስ ብላ እኔም የምፈልገው ቶሎ የሚነሣ ነው፣ እሳቸውን ስማቸው አለችኝ። ሰባት እኮ ነው አልኳት። ሰባቱን ገዛን።

ቤት ደርሰን ላፕቶፑን ስከፍት አዛን ተባለ። ውዱዕ አድርጌ፣ ሰግጄ ስመለስ ስክሪኑ ላይ ነጩ ክብ አሁንም ይዞራል። በማግሥቱ ሰዓት ይዤ ለካሁት፤ አሥራ አንድ ደቂቃ። ፈተናው የሚጠብቀው አሥር። የታሪክ መምህር ብሆንም ይቺ ሒሳብ አላቃተችኝም። ምክር አልሰማ ያለ መከራ ይመክረዋል የሚባለው ለእኔ ነበር፤ መከራው ግን በእኔ ላይ ሳይሆን በሚስቴ ላይ ሊያርፍ ነው። ሦስት ዓመት የጠበቀችው በር በእኔ ሰባት ምክንያት ሊዘጋባት!

መላ ግን አላጣሁም። "ከእንግዲህ አይጠፋም" ብዬ አወጅኩ። አያቶቻችን እሳት ዳፍነው ያሳድሩ የለም? አንዴ ከተነሣማ ሥራው ደህና ነው። ክዳኑ ሲዘጋ የመጥፋት አመል ስላለው ክዳኑም እንዳይዘጋ አዘዝኩ። እንደተሰካ፣ እንደተከፈተ፣ አቧራ እንዳይነካው የዘሃራን ሻሽ ለብሶ ሳምንቱን ከረመ።

የፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። ላፕቶፑን ጭኔ ላይ ከፍቼ በሁለት እጄ ያዝኩት። የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ስንጀምር አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት አዩኝ።

"ምን እያየህ ነው ልጄ?"

"ምንም አላይ እማማ።"

"ታዲያ አትዘጋውም?"

"ከተዘጋ አይነሣም።"

በጣም አዘኑ። መዳፋቸውን ዘርግተው "አላህ አፊያውን ይመልስለት" አሉ። መኪናው በሙሉ "አሚን" አለ፤ ሹፌሩ ሳይቀር። እኔም አሚን አልኩ... እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ዘሃራ ብቻ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መሰለኝ።

ዱዓው ለጊዜው አልደረሰም። ኮምቦልቻ ልንገባ ስንል ባትሪው አለቀና ላፕቶፑ ጨለመ። የመፈተኛው አዳራሽ በር ላይ ስንደርስ ሰዓቱ ልክ ሦስት ሆኗል። ለይቅርታ የሚሆን ቃል ስፈልግ ዘሃራ ላፕቶፑን ከእጄ ተቀበለችኝ። ገብታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፣ ቻርጀሩን ሰካች፣ "ቢስሚላሂ..." ብላ ማብሪያውን ተጫነች። ቢስሚላሂዋን ሳትጨርስ ተነሣ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። ነገሩን የሰማሁት ያኔ ነው። ለካ ማክሰኞ ዕለት እኔ ክፍል ውስጥ ሳስተምር እሷና አጎቴ ላፕቶፑን ይዘው ሰኞ ገበያ ተመልሰዋል። ባለ ሱቁ ውስጡ ያለውን ሁሉ ገልብጦ፣ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ኤስ ኤስ ዲ ገጥሞበታል። አጎቴም ሦስት ጊዜ አስተኝተው ሦስት ጊዜ ሲነሣ አይተዋል። ማታ ስገባ እንደተከፈተ፣ ሻሹን እንደለበሰ ጠበቀኝ። እንዳይጠፋ ያወጅኩት ራሴ ነኝ፤ በምን ልወቅ?

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"አጎቴ ናቸው አትንገሪው ያሉኝ። ሐረጎን እንደተከፈተ ይዞት ይውረድ አሉ።"

ዘሃራ ፈተናውን አለፈች፤ ዛሬ የመጋዘን ሠራተኛ ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ውጤቱን የሰማን ዕለት ለአጎቴ ደውዬ ያንን ሁሉ ይቅርታ ዘረገፍኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"አብሽር" አሉ። "ይልቅ በሚመጣው ሳምንት በሬ ልገዛ ነው። አብረኸኝ ትሄዳለህ።"

ያጣሁትን ክብር መልሼ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። "እሺ አጎቴ፣ ምን ላግዝዎት?"

"ቀንዱን ታይልኛለህ።"