ድንጋይ መራጩ

ጥፋተኛ ሳያገኝ ከዋለ ምሳው የማይወርድለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚሁ ደባርቅ ገጥሞኛል፤ አያ ታከለ ይባላል። ባጃጅ ጭቃ ሲይዘው ሰው ሁሉ ይገፋል፤ እሱ ዳር ቆሞ «ጥፋቱ የማን ነው?» ይላል።

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የተበደለው ይቅር ሲል ያወርድለታል። አያ ታከለ ታዲያ ማንም ሳይሾመው ድንጋይ መራጭ ሆነ። «ይቺማ ጠጠር ናት!» እያለ በአንድ ትልቅ ድንጋይ ስንቱን አጎበጠው።

አንድ ቀን የደብራችንን መሪጌታ «ኃጥእ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ከግእዙ ኀጥአ የመጣ ነው፤ አጣ ማለት ነው። ኃጥእ ያጣ ሰው ነው።»

«ምን ያጣ?»

«እሱን እየኖርክ ትደርስበታለህ» አሉኝ።

ባለፈው ጥቅምት የአያ ታከለ በቅሎ የጎረቤቱን የእትዬ ሙሉን ገብስ አወደመች። መሪጌታም ያሉበት ሽማግሌ ተቀመጠ። መቼም ለሌላው የመረጠውን ድንጋይ ለራሱ ከበደኝ አይል! ያንኑ ተሸክሞ ቀረበ።

እትዬ ሙሉ ደግ ናት። ወዲያው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብላ ልታወርድለት እጇን ዘረጋች፤ ድንጋዩ ግን ንቅንቅ አላለላትም።

«ኧረ አንድ ሰው ያግዘኝ!» አለች።

ያን ድንጋይ የቀመስነው ሁሉ ዞር ብለን ተራራውን ማየት ጀመርን። ተራራው ያን ዕለት እንዴት አምሮበት ነበር!

«ምነው፣ ሰው አጣሁ?» አለ አያ ታከለ ከድንጋዩ ሥር።

«አጣሁ» ሲል የመሪጌታ ቃል ትዝ አለኝና ወደ እሳቸው ዘወር አልኩ። መሪጌታ ግን የሚያዩት አያ ታከለን አልነበረም፤ ዳር የቆምነውን እኛን ነበር።